የኮሶ ቀን ጥንቃቄ የት ቀረ?

«ቅጠል ነው፤ ምን ያደርጋል?» የሚለው አነጋገር በአሰላ ከተማም ሆነ በዙሪያዋ በሚገኙት የአርሲ ደጋ ወረዳዎች ዘወትር የሚሰማ ነው። ይህን የሚለው የቀለም ትምህርት ያላገኘ ሰው ብቻ ነው ብሎ ማሰብ ግን ትክክል አይሆንም። በመደርደሪያ ላይ ያየውን የሞሪንጋ ዱቄት ወይም የጥቁር አዝሙድ ዘይት አገላብጦ፣ «መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ» የሚለውን ጽሑፍ አንብቦ፣ ሌላ ምንም ሳይጠይቅ ገዝቶ የሚሄደው የዩኒቨርሲቲ ተማሪም ያንኑ ነገር በተማረ ሰው ቋንቋ ደገመው እንጂ የተለየ ነገር አላደረገም።

ብዙዎች ይህን አባባል ከአባቶችና ከእናቶች የወረስነው እምነት አድርገው ይቆጥሩታል። በእኔ አስተያየት ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የቀድሞ ሰዎች ቅጠልን፣ ሥርንና ቅርፊትን ይፈሩ ነበር። ፍርሃታቸውም የመድኃኒቱ አንድ ክፍል ነበር። እኛ የወረስነው መድኃኒቱን ብቻ ነው፤ ፍርሃቱን መንገድ ላይ ጥለነዋል። ይህን ለማሳየት ከኮሶ የተሻለ ምስክር አይገኝም።

ኮሶ፣ በአፋን ኦሮሞ ሔጦ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ሐጌኒያ አቢሲኒካ፣ የደጋ ዛፍ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ከምትገኘው ከአሰላ ወደ ጭላሎ ተራራ ወይም ወደ ገለማ ሰንሰለት የወጣ ሰው፣ የገብሱ ማሳ እየሳሳ ሲሄድ፣ ቅርፊቱ የሚላላጠውንና አበባው እንደ ዘለላ የሚንዠረገገውን ይህን ዛፍ ያገኛል። ዛፉ ወንዴና ሴቴ አለው። የሴቴው አበባ ወደ ቀይ የሚያደላ ሲሆን ለመድኃኒትነት የሚመረጠውም ይኸው ነው። ጥሬ ሥጋ የሚወድ ሕዝብ የኮሶ ትል አያጣውምና፣ በሀገራችን ኮሶ መጠጣት ለብዙ ዘመን በየጊዜው የሚደጋገም የቤት ሥርዓት ነበር።

ሥርዓቱን ልብ ብለን እንመልከተው። ኮሶ የሚጠጣው ሰው ከዋዜማው ጀምሮ ምግቡን ይቀንሳል። በማለዳ በባዶ ሆዱ፣ ደርቆ የተፈጨውን አበባ በውኃ ወይም በጠላ በጥብጦ ይጠጣል። ያን ዕለት ከቤት አይወጣም፤ ሥራ አይሠራም፤ እንግዳም ቢመጣ ኮሶ መጠጣቱ በቂ ይቅርታ ነው። ነፍሰ ጡር ሴት እንድትጠጣ አይፈቀድላትም። የደከመ፣ የታመመ፣ ወይም በዕድሜ የገፋ ሰው ሲሆን መጠኑ ይቀነሳል። አበባው የዘንድሮ ነው ወይስ የከረመ ተብሎ ይጠየቃል፤ የከረመ ከሆነ ኃይሉ እንደሚቀንስ ይታወቃልና። የሚመጥነው ሰው ማን እንደሆነም የታወቀ ነው፤ ብዙ ጊዜ የቤቱ እናት ወይም በአካባቢው በዚህ የሚታመን ሽማግሌ ነው።

እነዚህን ደንቦች አንድ የፋርማኮሎጂ መምህር ሰሌዳ ላይ ቢጽፋቸው ምን ብሎ ይጠራቸው ነበር? ከምግብ ጋር ያለ ግንኙነት፣ የመጠን ማስተካከያ፣ በእርግዝና ወቅት የተከለከለ፣ የአያያዝና የማከማቻ ሁኔታ፣ የክትትል ጊዜ። በዛሬው ጊዜ በመድኃኒት ካርቶን ውስጥ ታጥፎ በሚገባው ወረቀት ላይ የምናነበው ከዚህ ብዙም አይለይም። ልዩነቱ የኮሶው ወረቀት በሰው አእምሮ ውስጥ የተቀመጠ መሆኑ ነው።

ደግሞም ፍርሃቱ ከንቱ አልነበረም። በኮሶ አበባ ውስጥ ትሉን የሚያሽመደምዱት ኮሶቶክሲንን የመሳሰሉ የፍሎሮግሉሲኖል ውሑዶች ናቸው። ውሑዶቹ ትሉን ከሰው ለይተው አያውቁም። መጠናቸው ሲበዛ ከባድ ትውከትና ተቅማጥ፣ የሰውነት መዛል፣ አልፎም የዓይን ነርቭ ጉዳትና መታወር ሊያስከትሉ ይችላሉ። ኮሶ ከጠጡ በኋላ የማየት ኃይላቸውን ያጡ ሰዎች ጉዳይ በሀገራችን የሕክምና ጽሑፎች ከተዘገበ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል። በአውሮፓም ለዚሁ ለትል ይሰጥ የነበረው የአንድ ፈርን ዘይት ተመሳሳይ ውሑዶች ስለነበሩት ያንኑ የዓይን ጉዳት ያደርስ ነበር። የአበሻ ኮሶም ቢሆን በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት የአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ደርሶ፣ በብሪታንያ የመድኃኒት መዝገብ ሳይቀር ሰፍሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1824 ኩንት የተባለው የዕፅዋት ሊቅ ዛፉን በቁስጥንጥንያ ይሠራ በነበረው ፈረንሳዊ ሐኪም በብራየር ስም ሰይሞት እንደነበረ ማስታወስም ይቻላል። ከጊዜ በኋላ ኒክሎሳማይድና ፕራዚኳንቴል የተባሉት፣ መጠናቸው በሚሊግራም የታወቀ መድኃኒቶች መጡ። ዛሬ የኮሶ ትል ለያዘው ሰው እነዚህን መድኃኒቶች ትቶ ኮሶ መጠጣት የሚያስመክር ምክንያት አይታየኝም።

ጉዳዬ ግን ኮሶ ብቻ አይደለም። ጥያቄው፣ አንድ መድኃኒት ከቤት እናት እጅ ወጥቶ በላስቲክ ተጠቅልሎ ገበያ ሲወጣ ጥንቃቄው አብሮት ይሄዳል ወይ የሚለው ነው። አይሄድም። በገበያ ላይ ከረጢቱን ከፍቶ ዱቄት የሚሰፍረው ነጋዴ ከየትኛው የዛፉ ክፍል እንደተወሰደ፣ መቼ እንደተለቀመ፣ ከምን ጋር እንደተደባለቀ ላያውቅ ይችላል። ገዢውም አይጠይቅም። «በሻይ ማንኪያ ጠዋት ጠዋት» የሚለው ትእዛዝ ለሠላሳ ኪሎዋ ልጅም ለሰማንያ ኪሎው አባቷም እኩል ይሰጣል። ለምን ያህል ቀን የሚለው ጨርሶ አይነሳም። ኮሶ በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ አንድ ቀን የሚጠጣ ነበር፤ የዛሬው ዱቄት ግን በየቀኑ፣ ለወራት፣ «ለጤና» ተብሎ ይወሰዳል። ጤነኛ ሰው ጤነኛ ለመሆን መድኃኒት በየቀኑ የመውሰዱ ልማድ በአባቶቻችን ዘንድ የማይታወቅ ነው።

በመጠንና በዓይነት መካከል ያለውን ልዩነት እዚህ ላይ ማንሳት ያስፈልጋል። ጤናአዳምን ውሰዱ። አንድ ቅርንጫፍ ጤናአዳም ቡና ላይ መጣል የአርሲም የሸዋም የጎንደርም ባህል ነው፤ ለአብዛኛው ሰውም ጉዳቱ አይታይም። ያንኑ ጤናአዳም ጨምቆ በኩባያ መጠጣት ግን ሌላ ነገር ነው። ተክሉ ማሕፀንን የማኮማተር ጠባይ ስላለው ለነፍሰ ጡር አደገኛ ነው፤ ቆዳን በፀሐይ ብርሃን እንዲቃጠል የሚያደርጉ ፉራኖኩማሪን የተባሉ ውሑዶችም አሉት። እንደዚሁም ነጭ ሽንኩርት በወጥ ውስጥ ምግብ ነው፤ ተጨምቆና ተጠናክሮ በእንክብል ሲታሸግ ደም የመርጋት ኃይሉን የሚቀንስ መድኃኒት ይሆናል። «ስንበላው የኖርን ነው» የሚለው መከራከሪያ የሚሠራው እንደበላነው ከወሰድነው ብቻ ነው።

የስም ነገርም አለ። «የምች መድኃኒት» ብትሉ አብዛኛው ሰው ዳማከሴን ያሳያችኋል፤ ነገር ግን ይኸው ስም ከቦታ ቦታ ለተለያዩ ተክሎች ይሰጣል። አንድ ተክል በአማርኛ አንድ ስም፣ በአፋን ኦሮሞ ሌላ ስም፣ በጎረቤት ወረዳ ደግሞ ሦስተኛ ስም ሊኖረው ይችላል፤ ሁለት የማይገናኙ ተክሎችም በአንድ ስም ሊጠሩ ይችላሉ። የስም ስሕተት ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ለማወቅ ወደ ቤልጅግ እንሂድ። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ በብራስልስ ውፍረት ለመቀነስ የቻይና ዕፅዋት የተቀላቀሉበት እንክብል ይሰጥ ነበር። መግባት የነበረበት ስቴፋኒያ የተባለው ተክል ሲሆን፣ በቻይንኛ ስሙ የሚመሳሰለው አሪስቶሎኪያ በምትኩ ገባ። ውጤቱ ከመቶ የሚበልጡ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ የኩላሊት ጉዳት ደረሰባቸው፤ ብዙዎቹም ለኩላሊት እጥበትና ንቅለ ተከላ ተዳረጉ። ከዓመታት በኋላም በሽንት ቧንቧቸው ላይ ካንሰር የታየባቸው ነበሩ። ይህ የደረሰው የሠለጠነ ላቦራቶሪ ባለበት ከተማ ነው።

ተፈጥሯዊ መሆን ዋስትና እንዳልሆነ የሚያሳየው መራር ምሳሌ ግን ከራሳችን ሀገር የተገኘው ነው። እ.ኤ.አ. ከ2001 ገደማ ጀምሮ በሰሜን ምዕራብ ትግራይ፣ በታሕታይ ቆራሮ ወረዳ፣ ጻዕዳ እምባ በተባለችው መንደርና በአካባቢዋ፣ ሕፃናት ሳይቀሩ በሆዳቸው ውኃ እየቋጠረ፣ ጉበታቸው እየተጎዳ ይሞቱ ጀመር። ምክንያቱ ለዓመታት አልታወቀም። በኋላ የያኔው የኢትዮጵያ የጤናና ሥነ ምግብ ምርምር ኢንስቲትዩትና የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ጭምር የተሳተፉባቸው ጥናቶች ጣታቸውን የቀሰሩት ከእህል ጋር ተቀላቅሎ ወደሚፈጭ አንድ አረም ነው፤ አጄራተም ኮኒዞይደስ ይባላል። አረሙ ፒሮሊዚዲን አልካሎይድ የተባሉ ውሑዶች አሉት። የተባይ ማጥፊያው ዲዲቲ ጉዳቱን ሳያባብሰው እንዳልቀረም ተመራማሪዎች ጠቁመዋል።

ለሳይንስ ተማሪ የሚያስደንቀው የዚህ መርዝ አሠራር ነው። አልካሎይዱ ራሱ እንደተዋጠ ያን ያህል አይጎዳም። ጉበት ግን ባዕድ ነገርን ለማስወገድ ባሉት ኢንዛይሞች ሲለውጠው፣ ከአካባቢው ፕሮቲንና ዲኤንኤ ጋር የሚጣበቅ ቁጡ ውሑድ ይሆናል፤ የጉበትን ጥቃቅን የደም ሥሮች ሽፋን ያቆስላል፤ ሥሮቹም ይዘጋሉ። ጉበት ራሱን በገዛ እጁ ይመርዛል ማለት ነው። ሕመሙ በአንድ ቀን የሚመጣ አይደለም፤ ጥቂት በጥቂት ይጠራቀማል። ስለዚህ «ሦስት ወር ወሰድኩት፤ ምንም አልሆንኩም» የሚለው ምስክርነት በእንዲህ ያለው ጉዳይ ላይ ማስረጃ ሊሆን አይችልም። የጻዕዳ እምባ ሰዎች መድኃኒት አልወሰዱም፤ እንጀራቸውን ነው የበሉት። በየቀኑ በማንኪያ የሚቃም ያልታወቀ ዱቄት ከዚያ በምን ይሻላል?

ሌላው አደጋ ቅጠሉ ብቻውን ሳይሆን ከሌላ መድኃኒት ጋር ሲገናኝ የሚፈጠረው ነው። እዚህ ላይ የአሰላን ሆስፒታል ወረፋ በዓይነ ሕሊናችሁ ተመልከቱ። አንዱ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ለስድስት ወር የሚወስድ ነው። ከመድኃኒቶቹ ውስጥ አይሶኒያዚድ፣ ሪፋምፒሲንና ፓይራዚናማይድ እያንዳንዳቸው ጉበትን ሊያስቸግሩ የሚችሉ ናቸው። በዚህ ላይ ሌላ የማይታወቅ ዱቄት ሲጨመር፣ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ የመጣውን ሕመምተኛ ሐኪሙ የትኛውን መድኃኒት ያስቁመው? የቲቢው መድኃኒት ያለ ጥፋቱ ይቋረጣል፤ ነቀርሳው ግን አይቋረጥም። ከጎኑ የተቀመጠችው ወጣት በልጅነቷ በያዛት የቁርጥማት የልብ በሽታ ሰው ሠራሽ የልብ በር የተተከለላት፣ ደሟ እንዳይረጋ ዋርፋሪን የምትወስድ ናት። ነጭ ሽንኩርት በእንክብል ብትጀምር ደም የመፍሰስ አደጋዋ ይጨምራል፤ በቫይታሚን ኬ የበለጸገ የቅጠል ዱቄት ብትጀምር ደግሞ የዋርፋሪኑ ኃይል ተሸርሽሮ በልብ በሯ ላይ ደም ሊረጋ ይችላል። ሁለቱም ቅጠል ናቸው፤ የሚጎትቷት ግን በተቃራኒ አቅጣጫ ነው። ሦስተኛው የስኳር ሕመምተኛ ሲሆን፣ አብሽ ስኳር ይቀንሳል ሲባል ሰምቷል። እውነት ነው፤ የአብሽ ፍሬ የደም ስኳርን የመቀነስ ጠባይ አለው። ችግሩ ያለው እዚያው እውነት ላይ ነው፤ የሚወስደው ግሊቤንክላማይድም ስኳር ይቀንሳል፤ ሁለቱ ሲደመሩ ሰውየው በእርሻው መካከል ራሱን ስቶ ሊወድቅ ይችላል።

ዕፅዋት ብቻ አይደሉም። ለኤችአይቪ የሚሰጠው ዶሉቴግራቪር፣ በባዶ ሆድ ከካልሲየም፣ ከብረት ወይም ከማግኒዚየም ማሟያ ጋር ከተዋጠ አንጀት ውስጥ ከማዕድኑ ጋር ስለሚጣበቅ ወደ ደም የሚገባው ያንሳል። ስለዚህ መድኃኒቱን ማዕድናቱ ከመወሰዳቸው ከሁለት ሰዓት በፊት ወይም ከተወሰዱ ከስድስት ሰዓት በኋላ መውሰድ ይመከራል። እንዲህ ያለ ቀላል ምክር ሕይወት ያድናል፤ ግን የሚሰጠው ማሟያ መወሰዱ ሲታወቅ ነው።

በዓለም ላይ እጅግ የተጠናው ምሳሌ በአውሮፓ ለድብርት የሚወሰደው፣ የሃይፐሪከም ወገን የሆነ ቢጫ አበባ ነው። ይህ ተክል ጉበት መድኃኒቶችን የሚያስወግድባቸውን ኢንዛይሞች ያበዛል። እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት በተደረገ ጥናት፣ ተክሉን የወሰዱ ጤነኛ በጎ ፈቃደኞች ደም ውስጥ ኢንዲናቪር የተባለው የኤችአይቪ መድኃኒት መጠን በአማካይ በ57 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። በዚያው ዓመት ከዙሪክ የወጣ ዘገባ ደግሞ የልብ ንቅለ ተከላ የተደረገላቸው ሁለት ሰዎች ይህንኑ ተክል በመውሰዳቸው የአዲሱን ልብ መገፋት የሚከላከለው መድኃኒት ከደማቸው እንደቀነሰ አስታወቀ። ከጭላሎና ከገለማ ከፍታዎች ላይ የሚበቅለው ቢጫ አበባው አሜጃ፣ በአፋን ኦሮሞ ገረምባ፣ የዚሁ የሃይፐሪከም ወገን ዘመድ ነው። ዘመድ መሆኑ ብቻ ያንኑ ኬሚካል ይዟል አያሰኝም፤ አልያዘምም አያሰኝም። ይህን ለይቶ ማወቅ ከአሰላ ተማሪ የተሻለ ለማን ይቀርባል?

ከውጭ ስለሚመጣው ሰፕሊመንት ባጭሩ ልናገር። ዘመድ ከአሜሪካ ሲመጣ በሻንጣው የሚያመጣው ጠርሙስ ታላቅ ክብር አለው። ነገር ግን በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣው ሕግ መሠረት፣ የዚህ ዓይነት ማሟያ አምራች እንደ መድኃኒት አምራች ፍቱንነቱንና ደኅንነቱን አስቀድሞ አስመስክሮ ፈቃድ የማግኘት ግዴታ የለበትም። እዚያው አሜሪካ፣ በመድኃኒት ምክንያት የሚደርስ የጉበት ጉዳትን የሚከታተል መረብ ከመዘገባቸው ሕመምተኞች ውስጥ የዕፅዋትና የምግብ ማሟያዎች ድርሻ እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2013 ባሉት ዓመታት ከ7 በመቶ ወደ 20 በመቶ ከፍ ብሏል። ለውፍረት መቀነሻና ለወሲብ ማነቃቂያ በሚሸጡ «ተፈጥሯዊ» እንክብሎች ውስጥ ሲቡትራማይንና ሲልደናፊል የተባሉ ሰው ሠራሽ መድኃኒቶች በድብቅ ተቀላቅለው መገኘታቸውም ተደጋግሞ ታይቷል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ እየታወቀ ነገሩ ለምን አይሻሻልም? ሕግ ስለሌለን አይደለም፤ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሥልጣን ተሰጥቶታል። እንደ እኔ እምነት ዋናው ችግር ዝምታ ነው፤ ዝምታውም የሁለት ወገን ነው። ሕመምተኛው ለሐኪሙ አይናገርም፤ ቁጣ ይፈራል። ሐኪሙም አይጠይቅም፤ ሲጠይቅም «ደግሞ ቅጠል ቅጠሉን ስትጠጡ ነበር አይደል?» ብሎ በወቀሳ ይጠይቃል፤ መልሱም «ኧረ በጭራሽ!» ይሆናል። ይህ ምርመራ ሳይሆን ምርመራን መዝጋት ነው። «እናቴ፣ ከዚህ ሌላ ለጤናዎ ብለው የሚወስዱት ነገር ይኖራል? ቅጠልም ሆነ ዱቄት፣ ከሰው የተሰጠዎትም ቢሆን ይንገሩኝ፤ መድኃኒቱን ከእርሱ ጋር ላስማማልዎት ነው» ተብሎ በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ቢጠየቅ መልሱ ሌላ ይሆናል። ይህ ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም። በሕሙማን ካርድ ላይ አንድ መስመር መጨመር ብቻ ነው። የአርሲ ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ተማሪዎቹን በአሰላ ሆስፒታል በሚያስተምርበት ጊዜ ይህን ጥያቄ እንደ ሙቀትና እንደ ደም ግፊት መለኪያ የማይታለፍ ቢያደርገው ለሌሎች ምሳሌ ይሆናል።

የባህል ሐኪሙም ቢሆን ከዚህ ነጻ አይደለም። መድኃኒቱን በምስጢር መያዝ የኖረ ልማድ ነው፤ እንጀራውም ስለሆነ ምክንያቱ ይገባኛል። ነገር ግን ምስጢሩ ሰው ተመርዞ ድንገተኛ ክፍል ሲገባም ካልተፈታ ምስጢር መሆኑ ቀርቶ ወንጀል ይሆናል። ከሁሉም የከፋው ደግሞ ቅጠሉ ራሱ ሳይጎዳ ጊዜ ሲያስጠፋ ነው። ውሻ የነከሰው ልጅ ቁስሉ በሳሙናና በውኃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ታጥቦ፣ ሳይውል ሳያድር የእብደት በሽታ መከላከያ ክትባት ማግኘት አለበት። የበሽታው ምልክት አንዴ ከታየ የሚያድን ሕክምና የለም ማለት ይቻላል። በእነዚያ ጥቂት ቀናት ሥር ተወቅጦለት በቤት የሚቆይ ልጅ፣ ሥሩ ምንም መርዝ ባይኖረውም፣ ሊሞት ይችላል።

አንዳንድ ወዳጆቼ እንዲህ ያለው ጽሑፍ የአገር በቀል ዕውቀትን ያዋርዳል ይሉኛል። ለእነርሱ መልሴ አክሊሉ ለማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ባየ ጊዜ፣ የቢልሃርዝያ አስተላላፊዎችን የሚገድል ነገር ማግኘቱን ተረዳ። ሆኖም «እናቶቻችን ሲገለገሉበት ኖረዋል፤ ይበቃል» አላለም። እርሱና ባልደረባው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ለብዙ ዓመታት በመጠን፣ በዝርያና በመርዛማነት ምርመራ ደከሙ። የውጭ ተቋማት የጠየቁት የደኅንነት ፍተሻ አንዳንዴ ከሳይንስ ይልቅ ንቀት ይመስል ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም። ቢሆንም ፍተሻው አስፈላጊ ነበር፤ እንዶድ አረፋ የሚያወጣበትና ቀንድ አውጣ የሚገድልበት ያው ሳፖኒን ሰው ሲጠጣው ይመርዛልና። እ.ኤ.አ. በ1989 ሁለቱ የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት የተቀበሉት ባህሉን በማክበራቸውም በመመርመራቸውም ነው።

ተማሪ የሆነ አንባቢ ዛሬውኑ ሊያደርግ የሚችለው ምንድን ነው? በቤቱ ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ እናት፣ ሕፃን፣ የጉበት ወይም የኩላሊት ሕመምተኛ፣ ወይም ማንኛውንም መድኃኒት ዘወትር የሚወስድ ሰው ካለ፣ ያለ ባለሙያ ምክር ምንም ዓይነት የዕፅዋት ዱቄት እንዳይጀምር ይንገር። ቀዶ ሕክምና የተቀጠረለት ሰው ሁለት ሳምንት ያህል አስቀድሞ የሚወስደውን ማሟያ ሁሉ ለሐኪሙ ያሳውቅ። ሽንቱ እንደ ጥቁር ሻይ የጠቆረ፣ የዓይኑ ነጭ ቢጫ የሆነ፣ እይታው የደበዘዘ ወይም ደም የሚፈሰው ሰው የጀመረውን ቅጠል አቁሞ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ይሂድ፤ ከዱቄቱ የተረፈውንም ከነመጠቅለያው ይዞ ይሂድ። ጤና ባለሙያውም ጉዳቱን ለባለሥልጣኑ ሪፖርት ያድርግ፤ ሪፖርት ያልተደረገ መመረዝ እንዳልደረሰ ይቆጠራልና።

ዱቄት ሆኖ የመጣውን ነገር መለየት ግን አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ከቤተሰቡ ወይም ከመንደሩ ሰው የመድኃኒት ተክል የተማረ ወጣት፣ አበባ ወይም ፍሬ ያለበትን ቅርንጫፍ ቆርጦ፣ በጋዜጣ መካከል ዘርግቶ፣ በመጻሕፍት ተጭኖ ያድርቀው። ከጎኑም የተገኘበትን ቦታና ከፍታ፣ ቀኑን፣ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ የሚጠራበትን ስም፣ የሚወሰደውን የተክል ክፍልና መጠን፣ በተለይም የነገረው ሰው «ለማን አይሰጥም» እንዳለው ይጻፍ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ብሔራዊ የዕፅዋት ቤተ መዘክርና እ.ኤ.አ. በ2009 የተጠናቀቀው የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍሎራ መጽሐፍ የተክሉን ትክክለኛ ስም ለማግኘት ያስችላሉ። «ለማን አይሰጥም» የሚለውን ግን የትኛውም ቤተ መዘክር አይነግረንም፤ እርሱ ያለው በአረጋውያኑ ዘንድ ነው።